የከንፈር ዘማሪዋ

ለልጆቼ አባት፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ? አሁንም ከመኪና ሥር በወጣህ ቁጥር ይይዝሃል? ቀስ ብለህ ተነሳ እያልኩ ስንት ጊዜ ለፍልፌብህ ነበር፤ አሁን የሚለፈልፍብህ ሰው ስለሌለ ራስህን ጠብቅ። እኛ አለን። ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፣ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

ልትቆጣ ነው። ቁጣህን ከመጀመሪያው ብትጨርሰው ይሻላል ብዬ ዋናውን ነገር አስቀድሜ እነግርሃለሁ። ትንሿን ልጃችንን፣ ቁንጫን፣ የቤተ ክርስቲያኑ የሕፃናት መዘምራን ሥልጠና አስገብቻት ነበር። አዎ፣ እዚያው አዳራሽ፤ ትልቋ የዘመረችበት፣ አንተ ሁለተኛ እግሬ አይረግጠውም ያልክበት።

አውቃለሁ። ትልቋ ማሳል ስትጀምር ሁለታችንም ከመዝሙር ብዛት ነው ብለን ሙቅ ውሃ በማር ስናጠጣት ከረምን። ሐኪም ቤት ስንደርስ መሽቶብን ነበር። ከቀብሩ በኋላ አንተ አዳራሹን ጠላኸው፤ ቅዝቃዜው ነው ልጄን የበላብኝ አልክ። እኔ ግን ልጠላው አልቻልኩም። ልጄ ደህና ሆና ድምፅዋን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት እዚያ ነዋ! አንተ ያንን መንገድ ሸሽተህ ሌላ ከተማ ገባህ፤ እኔ ደግሞ ከሥራ ስወጣ መንገዴን አዙሬ በዚያ ማለፍ ያዝኩ። የየራሳችንን እብደት ይዘን ተለያየን፣ ሌላ ምን ይባላል።

አዲስ ልጆች እንቀበላለን የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ተለጥፎ ያየሁት አንድ ቀን እንዲሁ ሳልፍ ነው። ቁንጫን አልጠየቅኳትም። ፀጉሯን ሠርቼ፣ ጫማዋን ወልውዬ ይዣት ሄድኩ። አሠልጣኙን ታስታውሳቸዋለህ፤ ቀን ቀን ሒሳብ የሚያስተምሩት ራሰ በራው ሰውዬ። ኦርጋኑን አንዴ ነካ አደረጉና ይህችን ድምፅ አውጪልኝ አሏት። እሷም ከሆዷ አንድ ነገር አወጣች። የወጣው ግን ኦርጋኑ ካለው ጋር ዝምድናም ትውውቅም አልነበረውም። በዜማ በኩል አንተን እንደወጣች እግዜርም ያውቃል። ሰርጋችን ላይ ስትዘፍን አባቴ ምነው ታመመ እንዴ ብሎ የጠየቀው ትዝ ይልሃል?

ሰውዬው ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ኦርጋኑን ሳይሆን እኔን እያዩ እሺ፣ ትምጣ አሉ። እኔ ደግሞ ከደስታዬ ብዛት፣ የተቀበሏት ድምፅዋ ጥሩ ቢሆን ነው ብዬ ወጣሁ። በጆሮዬ የሰማሁትን እዚያው በር ላይ ረሳሁት።

የመዘምራኑን ልብስ ከቁምሳጥን እያወጣች የምታድለዋ ሴት በቁመት ነው የምትሰጠው። እኔ ግን አንዱን መርጬ ይሄኛውን ስጪኝ አልኳት። የምሠራበት ላውንደሪ ልብሳቸውን ስለሚያጥብላቸው እያንዳንዱን አውቀዋለሁ። ያኛው ጠርዙ በሰማያዊ ክር የተሰፋ ነው፤ ትልቋ ስትረዝም ጠርዙን ስለቅቀው ነጭ ክር አልቆብኝ በሰማያዊ ሰፍቼው ነበር። ረጅም ነው፣ ይጎተትባታል አለችኝ ሴትየዋ። አሳጥረዋለሁ አልኳት። ለትልቋ የለቀቅኩትን ጠርዝ ለትንሿ መልሼ አጠፍኩት። ቁንጫ ስታጠልቀው የእሷ ነው አይደል ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። እጅጌውን ወደ ጣቶቿ ሳብ ሳብ አደረገችና ዝም አለች። ይህች ዝም ማለት የማታውቅ ልጅ፣ አንተ ራስህ እንደ ቁንጫ ነው የምትዘለው ብለህ ስም ያወጣህላት ልጅ፣ ዝም ስትል ምን ሆነች ብዬ አልጠየቅኩም።

ልምምድ ባለ ቁጥር ከሥራ ወጥቼ በአዳራሹ ጎን ባለው መስኮት ሥር እቆም ነበር። ወላጅ መግባት አይከለከልም፤ እኔ ግን መግባት አልፈለግኩም። ከገባሁ አያለሁ፣ ከውጭ ግን እሰማለሁ። ሽማግሌው ዘበኛ አንቺ ሴትዮ፣ ወይ ግቢ ወይ ሂጂ፣ ሌባ መስለሽ ሰው እንዳያስይዝሽ እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። በኋላ ግን የራሳቸውን ወንበር አወጡልኝ።

ከልጆቹ ሁሉ መሃል አንድ ድምፅ ይወጣ ነበር። ቀጭን፣ ትንሽ ሻከር ያለ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ የሚንጠለጠል። እንዴት አድርጌ ልንገርህ? ትልቋ ገላዋን ስትታጠብ በር ዘግታ የምታዜመው ዜማ መጨረሻው እንዴት እንደነበር ታውቃለህ፣ ልክ እንደዚያ። ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ፣ ከዚያ ሳቅኩ። የማን ድምፅ ነው ብዬ ማንንም አልጠየቅኩም። እህቷ ናታ፣ ደሟ ነው፣ ከየት ሊመጣ ኖሯል ብዬ ራሴው ወሰንኩ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሆንኩ። አብራኝ የምትተኩሰዋ ሴት ምን አገኘሽ፣ ካውያ ይዘሽ ታንጎራጉሪያለሽ አለችኝ። ምግብ ቀምሼ ጣፈጠኝ። ቁንጫን ቤት ውስጥ እስቲ ዘምሪልኝ ስላት አሠልጣኙ ድምፃችሁን ቤት ውስጥ አታድክሙ ብለውናል ትለኛለች። ትልቋም እንዲሁ ትል ስለነበር አመንኳት። ጭራሽ ይበልጥ ደስ አለኝ።

ሥልጠናውን የጨረሱ ልጆች በምእመናኑ ፊት የሚዘምሩበት ቀን ደረሰ። እህትህንም ይዣት ሄድኩ። አንተን አልጠራሁህም፤ ብጠራህም እንደማትመጣ አውቃለሁ። ከፊት ተቀመጥን። ቁንጫ ከፊተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ያንን ልብስ ለብሳ ቆማለች። አፏ ከሁሉም ልጆች በላይ ይከፈታል። ያ ድምፅ ሲወጣ የእህትህን እጅ ጨብጬ፣ ሰማሽ፣ ሰማሽ አልኳት። እህትህ የት አለ እንደማለት አየችኝ።

ያኔ አንዲት ልጅ ማሳል ጀመረች። ከቁንጫ ኋላ የቆመች፣ የዘበኛው የልጅ ልጅ። ሳል ሲይዛት መዝሙሩን አቋረጠች፣ እናም ያ ድምፅ ጠፋ። ሌሎቹ ቀጠሉ። ቁንጫም ቀጠለች፤ አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ አንገቷ ይወጠራል፣ ዓይኗ እኔ ላይ ነው፣ ግን የሚወጣ ምንም ነገር የለም። ልጅቷ ሳሉን ውጣ መዝሙሩን መልሳ ስትይዝ ድምፁም ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን እህትህ ነግራህ ይሆናል፤ ግን ከእኔ ብትሰማው ይሻላል። ቆምኩ። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ብድግ ብዬ ጮኼ ተጣራሁ። የተጣራሁት የቁንጫን ስም አይደለም፤ የትልቋን ነው። ኦርጋኑ ቆመ። ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ እኔ አዞረ። ከዚያ ዝምታ ውስጥ የመለሰችልኝ ቁንጫ ናት።

አቤት እማዬ አለች። ምንም ሳትደነግጥ፣ እንደለመደችው። ያ ነው አጥንቴን የሰበረኝ፣ መልመዷ። ለካ ቤት ውስጥ በእህቷ ስም ስጠራት ከርሜያለሁ። እህትህ በኋላ እንደነገረችኝ እሷ ራሷ ደጋግማ ሰምታኛለች፤ ግን ሐዘንተኛ ናት ብላ አልፋኛለች። ልጅቱም አንድ ቀን እኔ እኮ እሷ አይደለሁም አላለችኝም። አቤት እያለች ነው የከረመችው።

አሠልጣኙ በር ላይ ጠብቀው ነገሩን አስረዱኝ። ዜማ የማይዝላቸው ልጆች ሲኖሩ አያባርሯቸውም፤ ድምፅሽ እስኪመጣ በከንፈርሽ ዘምሪ ይሏቸዋል። ረድፉ እንዳይጎድል፣ ልጁም እንዳያፍር። ልጆቹ እርስ በርስ የከንፈር ዘማሪ እየተባባሉ ይሳሳቃሉ። አብዛኞቹ ትንሽ ቆይተው ድምፃቸው ይስተካከላል፣ ወይም ሰልችቷቸው ይተዉታል። የእርስዎ ልጅ ግን አንድም ቀን አልቀረችም አሉኝ። የሚያመሰግኗት መስሏቸው ነው። እኔም ክፉ ቃል አልተናገርኳቸውም። ሰውዬው ምን አጠፉ? ላዘነች እናት አዝነው ነው የተቀበሏት።

ወደ ቤት ስንመለስ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። እጄን ይዛ ትንሽ ከሄደች በኋላ ስትስቂ ነበራ አለችኝ። በይ ቀጥዪ ብላት፣ በመስኮቱ የሻሽሽ ጫፍ ይታየን ነበር፣ ስለዚህ አፌን በደንብ እከፍት ነበር አለች። እኔ እኮ ከውጭ ድምፅዋ ነው ብዬ ሌላ ድምፅ ስሰማ፣ እሷ ከውስጥ ሻሼን እያየች ዝም ብላ አፏን ትከፍትልኝ ነበር። ለእኔ ስትል። እኔን ላለማስከፋት እህቷን ለብሳ፣ የእህቷን ቦታ ቆማ፣ በእህቷ ስም አቤት እያለች።

እናት ነኝ ብዬ እንዴት አፌን ሞልቼ ልናገር? አንዷን አፈር አለበስኳት። ይህችኛዋን ደግሞ ቆማ እየሄደች፣ ገና እየተነፈሰች፣ ልቀብራት ምን ቀረኝ? እንዲህ ብዬ መጻፉ ያስፈራኛል፣ ግን እውነቱ እሱ ነው።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የምትሰጥህ እሷ ራሷ ናት። እህትህ ይዛት ትመጣለች። ለምን ያህል ጊዜ ብለህ አትጠይቀኝ፤ ሲሻለኝ እመጣለሁ፣ ወይም እጽፋለሁ። ልብሶቿን አጥቤ ተኩሼ አስገብቻለሁ። ሻንጣው ሥር ያ የመዘምራን ልብስ አለ። አሠልጣኙ መልሺው አላሉኝም፣ እኔም ልመልሰው አልቻልኩም፣ ቤት ውስጥ እንዳይቀመጥም ፈራሁ። የት እንደምታደርገው አንተ እወቅ። ለእሷ ግን አታልብሳት።

ጠዋት ጠዋት ቶሎ አትነሳም፣ ታገሣት። ካልሲዋን ገልብጣ ነው የምታደርገው፤ ብታርማትም አትሰማህም። ጨለማ አትፈራም፣ ነፋስ ግን ትፈራለች። በስሟ ጥራት። ቁንጫም ብትላት ደስ ይላታል፤ ያንን ስም እኔ ከአፌ ካወጣሁት ቆይቻለሁ። ስትጠራት ወዲያው አቤት ካላለች አትቆጣት፣ የራሷን ስም እስክትለምድ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምንህ። ጋራዡ ውስጥ መዶሻው፣ ሞተሩ፣ የሠራተኞቹ ጫጫታ አለ፤ ማንም ማንንም አይሰማም። እዚያ አስቀምጣትና የፈለገችውን፣ እንደፈለገች፣ በጠማማው ዜማ እንድትጮህ ተዋት። አንተም ካሻህ አግዛት፣ ያው ሁለታችሁም አንድ ናችሁ። አፏን ከፍታ ምንም የማይወጣ ከሆነ ግን አንተ ጀምርላት።

እኔ ሥራዬን እየሄድኩ ነው። ለእኔ አታስብ። መንገዴን ግን ገና ማስተካከል አልቻልኩም። ዘበኛውም ወንበሩን አላስገቡትም።

እጅህን ከብረት፣ ወገብህን ከሕመም ይሰውርልህ። ልጅህን ዓይን በዓይን እያየህ ለማሳደግ ያብቃህ። ለእኔም ጸልይልኝ፤ ጸሎት ትተህ ከሆነም እንዲሁ በልብህ አስበኝ። መልስ ስትጽፍልኝ ስለ ሌላው አትጨነቅ፤ ድምፅዋ ምን እንደሚመስል ብቻ ጻፍልኝ። በአንድ ቤት አብሬያት ኖሬ፣ ሳላውቀው ነው የላክኋት።

የሁለቱም ልጆችህ እናት