የታጠነው ወተት አልቀላም

ረቡዕ

ላቦራቶሪ ይሉታል! ከጃንሆይ ፎቶ ሥር አንዲት ቁም ሳጥን፣ ውስጧ ሁለት ጠርሙስና ጥቂት አሲድ መለያ ሰማያዊ ወረቀት። ቁልፉ ጋሽ ጥላዬ አንገት ላይ ነው። የኬሚስትሪ መምህራችን ናቸው። መጽሐፉን ጮክ ብለው ያነባሉ፣ ይዘጉታል፣ «ገባችሁ?» ይላሉ። «አዎ» እንላለን። ግርማ ግን፣ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ልጅ፣ እውነት የገባው ይመስለዋል።

ዓርብ ፈታኝ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ለነርስ ትምህርት ቤት ከነገሌ የሚወስዱት አንድ ሰው ነው። እኔ ካልሄድኩ የአጎቴ ሱቅ ውስጥ ስኳር ስመዝን ማርጀቴ ነው።

የምናሳየው ወተት ሲኮመጥጥ ነው። ከኮመጠጠ ወረቀቱን ያቀላዋል። ወተት አምጪዋ እኔ። «ዕቃው ንጹሕ ይሁን» አሉ ጋሽ ጥላዬ። እማዬ ጪጮዋን፣ ያቺን የተሰፋች የወተት ዕቃ፣ ሞልታ ሰጠችኝ።

ሐሙስ

ወረቀቱ ጠዋት ሰማያዊ። ከሰዓትም ሰማያዊ። ጋሽ ጥላዬ ገነፈሉ። «አንቺ ሎኮ! በትኩስ ወተት ቀይረሽዋል!» ሌላ ምክንያት አይመጣላቸውም፤ ማሰብ ያስቀስፍ ይመስል።

ቤት ስገባ ወተቱ ለምን እንዳልኮመጠጠ እማዬን ጠየቅኳት። «ዕቃውን በወይራ አጠንኩት። ለትምህርት ቤት ስለሆነ ሁለቴ» አለች፣ ኮርታ። እዚህ አገር ያልታጠነ ዕቃ መቼ ንጹሕ ይባላል! ጭሱ ወተት እንደሚያቆይ የሊበን ምድር ሕፃን ሁሉ ያውቃል። እኔ፣ የኬሚስትሪ ጎበዟ፣ ሽታውን ከመልመዴ የተነሳ ትዝም አላለኝ። በገዛ ራሴ ተናደድኩ።

ተመልሼ ለጋሽ ጥላዬ ነገርኳቸው። ሳቁ። «ጭስ መጽሐፉ ላይ የለም። ነገ 'ቀላ' በሉ። በቃ!» ግርማ ራሱን ነቀነቀ። ላም ትበራለች ቢሉትም ይነቀንቃል።

ዓርብ

ፈታኟ ሲስተር ናቸው፤ ቀጭን፣ ሳቅ የማያውቁ። ግርማ ቀድሞ «በማግስቱ ቀላ» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ። ተራዬ ደረሰ። ጋሽ ጥላዬ አፈጠጡብኝ። ፈራሁ።

«አልቀላም» አልኩ። «ዕቃው ታጥኗል።»

ሲስተር ወረቀቱን ነከሩ። ሰማያዊ። ጪጮዋን አሸተቱ። «ጭሱ ምን ያደርገዋል?»

«የሚያኮመጥጡትን ጀርሞች ይገድል ይሆናል። በትክክል አላውቅም።»

በዚያ ክፍል «አላውቅም» የተባለው ዛሬ ገና ሳይሆን አይቀርም።

ቅዳሜ

እኔ ነኝ! ሲስተር ወደ ያቤሎ ሊሄዱ መኪና ላይ ሲወጡ ስሜን ተናገሩ። እማዬ እልል አለች፤ ጎረቤት ሁሉ ወጣ።

ግን የመምህር ፊርማ ያስፈልጋል። የኛው ሰው ደግሞ ገበያ መሃል «የጭሱን ነገር ያስተማርኳት እኔ ነኝ» ሲሉ ዋሉ። ፊርማውን ስጠይቃቸው «ነገ ቤት መጥተሽ ለምኚኝ» አሉ። ሆድ ይፍጀው። እለምናለሁ። ይፈርሙ አይፈርሙ ግን እንጃ።

እማዬ ባዶ እጅሽን አትሄጂም ብላ ወተት እያዘጋጀች ነው። የሳቸው እንኳ ሳይታጠን ይቅር፣ እቤታቸው ይኮምጥጥባቸው ብዬ ለመንኳት።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ! ለመምህር ያልታጠነ? ሰው ምን ይለኛል?»

ይኸው የወይራው ጭስ ከጓሮ ይሸተኛል። ለትምህርት ቤት ሁለቴ ነበር፤ ለኚያ ሰውዬ ለሦስተኛ ጊዜ እያጠነች ነው።