ሰሌዳ ፊት ያዋረድሻት ልጅ

ለእህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ? እኔስ ደህና ነኝ አልልሽም፤ ንዴት እህል አላስቀምስ ብሎኛል። ስልኬን አላነሳ ስላልሽ በወረቀት መጣሁብሽ።

ልጃችን ስማራንዳ ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከቦቶሻኒ ከተማ አውቶቡስ ወርዳ፣ የምትወደውን የበቆሎ ገንፎ፣ ማማሊጋዋን እንኳ ሳትነካ በሯን ዘጋች። ነገሩን የሰማሁት ከጓደኛዋ ነው። መምህሯ ነኝ ብለሽ ክፍሉ ሁሉ እያየ ሰሌዳ ላይ አወጣሻት። 6x² + x − 12 የሚለውን ፖሊኖሚያል የሁለት ቅንፍ ብዜት አድርገሽ ጻፊው አልሻት። እሷም መሀል ያለውን x በሐሳቧ 9x ሲቀነስ 8x አድርጋ ከፈለችውና (2x + 3)(3x − 4) ብላ ጻፈች። የሰባ ሁለትን ስኩዌር ሩት አቃልይ ስትያትም፣ ስድስት ጊዜ የሁለት ስኩዌር ሩት አለች። ሁለቱም ልክ እንደሆነ ጓደኛዋ በደብተሯ አሳይታኛለች። አንቺ ግን «ክፍል ውስጥ ባስተማርኳችሁ በዴልታ ቀመር የሠራሽው የታለ? ከማን ገለበጥሽው፣ አንቺ ሌባ!» ብለሽ ከአሥር ሦስት ሰጠሻት።

አሁን የሊሴውን፣ የሁለተኛ ደረጃ መግቢያ ፈተናውን አልፈተንም ብላለች። «የገዛ አክስቴ ሌባ ካለችኝ ሌላው ምን ይለኛል?» ትላለች። ባሌ ኮስተል ሊመጣብሽ ጫማውን አጥልቆ ነበር፤ ለምኜ አስቀረሁት።

እስቲ ንገሪኝ፣ ከማን ትገልብጠው? ከእኔ? የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነውና እኔ ዛሬም በጣቴ ነው የምቆጥረው፤ ስትስቂብኝ ነው ያደግነው። ከኮስተል? እሱ ከትራክተር ሌላ አያውቅም። በቤታችን ቁጥርን ገና ስታየው የሚገባት አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። እሷንም መምህሮቿ «ገለበጥሽ» እያሉ ያስለቅሷት ነበር። ያኔ እናታችን ትምህርት ቤት ድረስ ሄዳ ተሟገተችላት። ለስማራንዳ የምሟገተው እኔ ነኝ።

አንቺ ወደ ዩኒቨርሲቲሽ ስትመለሺ ስማራንዳን ታቅፌ ጡጦ ይዤ የቀረሁት እኔ ነኝ። አልተቆጨሁም፤ አንድ ቀንም አላነሳሁብሽ። አፌን የዘጋሁት ግን እንድትወጃት ባትችዪ እንኳ እንዳትነኪያት ብዬ ነበር። ስታያት የሚያምሽ ከሆነ ሕመሙ ያንቺ ነው፤ በልጅቷ ላይ አትወጪው።

ሰኞ እንደገና ሰሌዳ ላይ አውጫት። በራሷ መንገድ ትሥራው፣ አንቺም በዚያው ክፍል ፊት ይቅርታ ጠይቂያት። አሻፈረኝ ካልሽ፣ ይህን የቁጥር ዓይን ከማን እንደወረሰችው ማክሰኞ እነግራታለሁ።

ጨካኝ ሆነሽ አልተፈጠርሽም። እግዚአብሔር ልብሽን ያራራልን።

እህትሽ፣
የስማራንዳ እናት