ሊፍቱን ለቆለፉልን ክቡር ሊቀመንበር

ለሕንፃችን የኃይል ቁጠባ ኮሚቴ ክቡር ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ የከበረ ሰላምታዬን ከስድስተኛ ፎቅ ቁልቁል አቀርባለሁ። እኛ ለክፉ የሚሰጥ ነገር የለብንም። ቤቴ ውስጥ ልብስ እየሰፋሁ ከእናቴ ጋር የምኖር ነዋሪ ስሆን፣ ይህን ደብዳቤ መግቢያው ላይ የምለጥፈው ኮሚቴዎ የዋለልንን ውለታ ጎረቤት ሁሉ እንዲያውቅልኝ ብዬ ነው።

ቁጠባን የምጠላ ሰው እንዳልመስልዎት እፈራለሁ። ድስቴን ሳልከድን ጥጄ አላውቅም፤ ባቄላ የምቀቅል ከሆነ ከዋዜማው እዘፈዝፈዋለሁ፤ ለሁለት ሰው ሻይ የሁለት ሰው ውኃ ብቻ አፈላለሁ። የደንበኞቼን ልብስ የምተኩሰው አጠራቅሜ ሲሆን፣ ካውያውን ቀደም ብዬ ነቅዬ መሐረቦቹን በቀረው ሙቀት እጨርሳለሁ። እናቴማ ሰው በሌለበት ክፍል መብራት በርቶ ካየች ሌባ የገባ ያህል ትጮኻለች። ኮሚቴዎ ሲቋቋም ቀድመን ያጨበጨብነው እኛ ነን፤ እጃችንን በቆረጠው ለማለት ግን ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት አይፈቅድልኝም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ፦ የኮሪደሩን አምፖሎች ስላስነቀሉልን እናመሰግናለን። አሁን ሁላችንም በስልካችን እያበራን እንወጣና ቤት እንደገባን ስልኩን ቻርጅ እናደርጋለን፤ በመሆኑም ኮሪደሩ ይበላው የነበረው ኃይል በሰላም ወደየቤታችን ተዛውሯል።

፪ኛ፦ ስለ ፀሐይ ብርሃን ጥቅም በሰጡን ትምህርት እጅግ ረክተናል። በጠራራ ፀሐይ፣ ብርሃኑ የፕሮጀክተሩን ምስል አደበዘዘብኝ ብለው የአዳራሹን መጋረጃ ሁሉ አዘጉ፤ ከኋላ የተቀመጥነው ማስታወሻ መያዝ ስላቃተን የኋላው መብራት በራልን፤ ሲታፈን ደግሞ ማራገቢያው ተከፈተልን። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ላይ የፀሐይን ፎቶግራፍ አየን።

፫ኛ፦ ሊፍቱ ለነዋሪ እንዳይሠራ አዝዘው ቁልፉን ኪስዎ ከተቱት። ወጣቶቹ በደረጃ ይሮጣሉ፤ እኔም ጨርቄን ተሸክሜ፣ በየፎቁ እያረፍኩ፣ እንደምንም እደርሳለሁ። እናቴ ግን ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ደረጃ አትችልም። ታላቅ እህቷ፣ አክስቴ፣ ከታች ምድር ቤት የምትኖር ሲሆን እሷንም ልቧን ስለሚያማት ሐኪም ደረጃ ከልክሏታል። ሁለቱ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አክስቴ በር ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሲያሙ የኖሩ ናቸው፤ እርስዎን አንስተዋል ማለቴ አይደለም። ሊፍቱ ከተቆለፈ ወዲህ ግን አንዷ ከመስኮት፣ አንዷ ከግቢ ሆነው ይጯጯኻሉ፤ የሚባባሉት ስለማይሰማ በሁሉም ነገር ተስማምተው ይለያያሉ። በቀደም አክስቴን አሟት ግቢ ሳትወጣ ቀረች፤ እናቴ እስኪመሽ ከመስኮቱ አልተነሳችም፤ ራት አቅርቤላትም አልበላችም። ያን ዕለት እንዴት እንደተናደድኩ በትህትና የምጽፍበት ቃል አላገኘሁም።

ይሁን እንጂ ሊፍቱ ጨርሶ ሥራ አልፈታም። ትእዛዝዎ መከበሩን ለማጣራት እርስዎና የኮሚቴው አባላት በየሳምንቱ በሊፍቱ ይወጣሉ፤ በሊፍት የሚወጣ ሰው አለመኖሩን አረጋግጠው በሊፍቱ ይወርዳሉ። ቤት ለቤት ገብተው አምፖላችንን እስኪቆጥሩ ድረስም ሊፍቱ በሩን ከፍቶ፣ ቁልፉ እንደተሰካበት፣ ደጃችን ላይ ይጠብቅዎታል። ይህ ቁጥጥር መሆኑን ለእናቴ ላስረዳት ሞክሬ ነበር፤ እሷ ግን ማን ማንን እንደሚቆጣጠር አልገባኝም ትላለች።

ለደከሙልን ድካም ሁሉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የኮሚቴዎን ዕድሜ ያርዝመው እንዳልል ዕድሜም መቆጠብ ያለበት ይመስለኛል።

ከጨለማው ደረጃ አናት፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የስድስተኛ ፎቅ ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከፈረምኩ በኋላ ዛሬ ለቁጥጥር መጡ። እርስዎ ወጥ ቤታችን ውስጥ የማቀዝቀዣውን በር ሲመረምሩ እናቴ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ሊፍቱ ውስጥ ገባች፤ በእግርዎ መውረድ ግድ ስለሆነብዎት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቁልፉ አክስቴ ዘንድ ነው። ሊወስዱት ሲሄዱ ሁለቱን ተያይዘው ተቀምጠው ያገኟቸዋል፤ በቃ ተለያዩ የሚላቸው ሰው እርስዎ ይሁኑ፤ እኔ አንጀቴ አልቻለም።