እማዬ የአባባን እገዳ የጣሰችበት ቀን

ለወንድሜ ለኢኖኬ፣

ወንድምዓለም፣ እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም ከብርቱካን ለቀማው ስትመለስ ግድግዳ እየተደገፍክ ነው የምትገባው? አብረውህ ያሉት የመንደራችን ልጆችስ ደኅና ናቸው? የዚያ አገር ብርድስ እንዴት አደረጋችሁ? እኛ ከመሞት መሰንበት ይሻላል ብለን አለን። በስልክ "ሁሉም ሰላም ነው" ያልኩህ እማዬ አጠገቤ ቆማ ስለነበር ነው። አሁን የአክስታችን ልጅ ሴሚ ለለቀማ ወደ እናንተ ስለሚመጣ፣ ሆዴ ውስጥ ሲብላላ የከረመውን ሁሉ በእጁ ልኬልሃለሁ። ተቀምጠህ አንብበው።

አባባን ቀብረህ ከመሄድህ በፊት የእገዳውን እንጨት በባሕሩ ዳር ጭቃ ውስጥ የበቀለው የማንግሮቭ ጫካችን መግቢያ ላይ የተከልከው አንተ ነህ። ከዚያ ወዲህ እግሩን ጭቃው ውስጥ ያስገባ ሰው የለም። ሸርጣን ሸጠው ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት ሴቶች እንኳ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። የባሕር ዳር ሰዎች ሆነን ከሱቅ የቆርቆሮ ዓሣ እየገዛን በላን። ማንም አላጉረመረመም። የዓሣ አጥማጆች አለቃ ሲሞት ባሕሩም መቶ ሌሊት ያርፋል፤ ወጋችን ነው።

ታዲያ በዚሁ በሐዘናችን መሐል ምን መጣ መሰለህ? የከተማው ማዘጋጃ ቤት ከማንግሮቩ በላይ ያለውን ተዳፋት ለቆሻሻ መጣያ ፈልጎታል። ዝናብ ሲጥል ከዚያ የሚወርደው ውኃ የት እንደሚገባ ላንተ አልነግርህም። ሕጉ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ቦታ አጠገብ ቆሻሻ ከመጣሉ በፊት ባለሙያ ሄዶ ያጥና፣ ውኃው ወዴት እንደሚፈስ፣ ሰው ይጠቀምበት እንደሆነ ይመርምር ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። የተቀጠሩት አጥኚዎች መጡ፣ በማንግሮቩ ዳር ውለው ሄዱ። መረብ የለም፣ ታንኳ የለም፣ የሰው ዱካ የለም። አንደኛው ያንተ እንጨት ላይ የዝናብ ካፖርቱን ሰቀለ። ይህ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ጥናቱ በማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ ላይ ሲነበብ እኔና አጎታችን ማሲ ነበርን። "ነዋሪው የማይጠቀምበት ቦታ" ይላል። ደሜ ፈላ! ለሞተ ሰው ክብር ሰጥተን ብንቀመጥ ባለቤት የሌለው መሬት አደረጉን። አጎታችን ተነሥተው በትሕትና አስረዱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሉን ብዬ እኔም ጮህኩ። አጣሪ ሠራተኛ በሚቀጥለው ሳምንት መጥታ ትያለች፣ የሚጠቀም ሰው ካላገኘች ጥናቱ ይጸድቃል ተባልን። እገዳው ሊነሣ ገና ሳምንታት ቀርተውታል፣ እስከ መቶኛው ቀን ተዝካር ቆዩልን ብንል ቀኑ በሕግ የተወሰነ ነው አሉን። ይህን ቀን የቆረጠው ሰው ዘመድ ሞቶበት አያውቅም?

አጎታችን መንደሩን ሰብስበው፣ ሰው ከሆነች በቃል ስንነግራት ትረዳለች፣ እገዳው ግን አይነካም አሉ። አጣሪዋ ልጅ መጣች። ጨዋ ልጅ ናት፣ አልዋሽም፤ የእንግዳ መቀበያ መጠጣችንን ካቫውን ተቀብላ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች። ከዚያ ወደ ማንግሮቩ ይዘናት ወረድን። ዙሪያውን አይታ፣ አምናችኋለሁ፣ ግን መጻፍ የምችለው በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው አለች።

እማዬ የሐዘን ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበችና እንጨቱን አልፋ ገባች። አንዲት ሴት ስሟን ጠርታ ልታስቆማት ሞከረች፤ ዞር ብላም አላየቻት። ጭቃው ውስጥ ተንበርክካ እጇን እስከ ትከሻዋ ጉድጓድ ውስጥ ከተተች። አንድ ትልቅ ሸርጣን ይዛ ወጥታ ልጅቷ እግር ሥር አስቀመጠችው።

"እገዳው የባሌ ነው፤ የጣስኩትም እኔ ነኝ። አሁን ያየሽውን ጻፊ" አለቻት።

ልጅቷ ጻፈች። ጥናቱ ከሥሩ እንዲደገም ታዘዘ፣ መንገድ ሊጠርግ የመጣውም ማሽን ተመለሰ። ገና አላለቀም፤ ግን ተርፈናል ማለት ይቻላል። እና ሰዉ አመሰገናት መሰለህ? አጎታችን ማሲ ያን ዕለት ፊታቸውን አዙረው ሄዱ፣ እስካሁን አላናገሯትም። ሴቶቹ ሲበሉ አይጠሯትም። ቤተ ክርስቲያን የምትቀመጥበት ወንበር ላይ ጎኗ የሚቀመጥ ጠፍቷል። ነገ ሸርጣኑን የሚበሉት እነሱ፣ ዛሬ ጀርባ የሚሰጧት እነሱ! አንጀቴ አሯል። ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን እሷ ራሷ፣ ልክ ናቸው፣ ምን ያድርጉ ማለቷ ነው።

ይቅርታ የሚጠየቀው የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዞ በሽማግሌዎች ፊት በመንበርከክ ነው፤ የሚንበረከከውም እገዳውን የተከለው የበኩር ልጅ ነው። እኔ ሴት ልጅ ነኝ፣ አይቀበሉኝም፤ ለምኛቸው አይቼዋለሁ። ለቀማው ሳያልቅ ጥለህ ከመጣህ አሠሪህ ለከርሞ እንደማይጠራህም አውቃለሁ። አውቄ ነው ና የምልህ።

አጎታችን ማሲ ምንም ቢቆጡ ያንተን ደኅንነት ሳይጠይቁ አይውሉም፤ ሰላም ብለውሃል። ባለቤቴ ጆኔ እጅ ነሥቶሃል። ትንሿ ሴራ ጥርሷ ወልቆ ትስቃለች፣ አጎቴን ሳሙልኝ ብላለች። ጎረቤታችን አሮጊቷ ቫሲቲም ይመርቁሃል።

የእማዬን ሰላምታ አልላክሁልህም፤ መጻፌን አታውቅም። እገዳውን ከጣሰችበት ቀን ጀምሮ የአባባ መቃብር ዘንድ ሄዳ አታውቅም። አበባ ለቅማ እኔን ነው የምትልከኝ። ለምን አትሄጂም ብላት፣ "ኢኖኬ መጥቶ ሳያስታርቀኝ ምን ብዬ ፊቱ እቆማለሁ?" አለችኝ።

እህትህ ሊቲያና

ዋይንዶንጎ መንደር፣ ቫኑዋ ሌቩ፣ ፊጂ
ሴፕቴምበር 9 ቀን 2023