ከድልድዩ ሥር የተገኘው ቧንቧ

ሐምሌ 9 ቀን፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ
ከስፌት ሱቄ

ለማትጠገቢው ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራውስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ዝናብ በመጣ ቁጥር ከሚያጉረመርመው ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። አባትሽም ደህና ነው። ይቺን "ደህና ነው" የምትለዋን ቃል ጠበቅ አድርገሽ ያዣት። ከዚህ በታች የምጽፍልሽን ስታነቢ ልብሽ ከደነገጠ ወደ እሷ ተመለሺ።

በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። ገና "አባትሽ" ከማለቴ "እማዬ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው" አልሽኝ። መቼም ይሄ ኔትወርክ የሚቆራረጠው እሱ ጋ ስንደርስ ነው። እኔም ተውኩት። ወረቀት ግን ኔትወርክ አይቆርጠውም፤ ተናደሽ ብትወረውሪው እንኳ መልሰሽ ታነሺዋለሽ ብዬ ይኸው ተቀመጥኩ።

ተማሪ ሳለሽ ከጓደኞችሽ ጋር የጀመርሽውን የሣጥን ጨዋታ መቼም አልረሳሽውም። ሣጥን ትደብቃላችሁ፣ ያለበትን በእንቆቅልሽ ጽፋችሁ ትለጥፋላችሁ። ፈልጎ ያገኘ ሰው ውስጡ ባለው ደብተር ላይ የራሱን ማኅተም ያሳርፍና መልሶ ይደብቀዋል። አንቺ ከላጲስ ማኅተም ስትቀርጪ አባትሽ "ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት አሉ" እያለ ሲያሾፍብሽ ይታየኛል። ሩቅ አገር ከሄድሽ በኋላም ሰዉ ሣጥኖችሽን መፈለጉን አልተወም። ባለፈው ክረምት ያቺ ጎረቤታችን መምህርት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የደበቅሽውን የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ ወደ ሱቄ መጣች። ዝጎ ተበልቷል፤ ውስጡ ያለው ደብተር ውኃ ገብቶበት ሊጥ ሆኗል። "የልጅሽ ነው" ብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። አባትሽ አጠገቤ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር። አየት አደረገውና ሻዩን ጨረሰ።

በማግሥቱ ጓሮ ወጥቼ ባየው ቧንቧ ይቆርጣል። "ለማን ነው?" ብለው "ለማንም" አለኝ።

ከድሮ የቧንቧ ሥራው የተረፈውን ጥቁር የውኃ ቧንቧ ነበር የሚቆርጠው። አንዱን ጫፍ በማጣበቂያ ደፈነው። በሌላው ጫፍ ጥርስ ያለው ክዳን ገጠመለትና የጎማ ቀለበት አስገባበት። ከዚያ ውስጡ ደረቅ ሶፍት አድርጎ፣ ጡብ አስሮበት፣ ባልዲ ውኃ ውስጥ ደፍቆ ሲጠብቅ ዋለ። ማታ ሲከፍተው ሶፍቱ ረጥቧል። ሰው ያጭበረበረው ይመስል ተሳደበ። "ውኃ ከውጭ ብቻ አይገባም፤ ታፍኖ የተዘጋ ነገር ራሱ ያልበዋል" አልኩት። እኔም ከድንኳን ሸራ ቁራጭ የውስጥ ከረጢት ሰፋሁለት። የመርፌው ቀዳዳ እንዳያሾልክ ስፌቱን ሻማ ቀባሁና ለብ ባለ ካውያ ተኮስኩት። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን እርጥበት መጣጭ እሽግም ጨመርንበት። በሚቀጥለው ሙከራ ሶፍቱ እንደ ገባ ወጣ።

ውሸት ምን ይሠራልኛል ልጄ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከራት በኋላ ግድግዳ ለግድግዳ ስንተያይ የነበርን ሰዎች ስለ ጎማና ስለ ሰም የምናወራው አገኘን። እንቆቅልሾችሽን እያጉተመተመ ይፈታል፤ ዝናብ ሲያባራ ይወጣል፤ የዛገውን አንሥቶ አዲሱን ይተካል። ስምሽን ግን አንድም ቀን አልጠራም። "የዚያች ሣጥን" ይላል እንጂ "የልጄ" አይልም። ስትሄጂ በሩ ላይ ቆሞ "ይቺን ደጃፍ ከተሻገርሽ አትመለሺ" ያለሽን ቃል መልሶ የሚውጥበት ጉሮሮ አጥቶ ይመስለኛል።

እንግዲህ የቅዳሜው ነገር እንዲህ ሆነ።

የገበያ ቀን ነው፣ መንገዱ በሰው ተሞልቷል። እኔ መጋረጃ እየቀደድኩ ነበር። ድንገት ፊሽካ ተነፋ። ቀጥሎ "ውጡ! ሱቅ ዝጉ! ፈንጂ ተገኝቷል!" የሚል ጩኸት ሰማሁ። ሰው እንደ ጎርፍ ወደ ላይ ይሮጣል። ከወንዙ ዳር ያለው የፓምፕ ቤት ዘበኛ አጠገቤ ደርሶ እያለከለከ ያገኘውን ሁሉ ያስረዳል፦ "ከእግረኛው ድልድይ ሥር ነው! በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት! ጥቁር ቧንቧ፣ ሁለት ጫፉ የተደፈነ፣ ከድልድዩ ጋር በሽቦ የታሰረ!"

ሽቦውን አባትሽ ከኔ መሣቢያ ነበር የወሰደው።

ሰው ወደ ላይ ሲሮጥ እኔ ወደ ታች ሮጥኩ። መቀሴን ማስቀመጥ እንኳ ረስቻለሁ። ድልድዩ አፍ ላይ ፖሊሶች ገመድ ወጥረዋል። የቀረበኝን እጁን ይዤ "ልጄ፣ ፈንጂ አይደለም፤ የባሌ ነው!" አልኩት።

"የባልሽ ከሆነማ ይባስ! ወደ ኋላ በዪ፣ እናቴ!" ብሎ ገፋኝ።

"ደብተር ነው ያለበት! ከረጢቱን የሰፋሁት እኔ ነኝ!"

ማን ይስማኝ። ሥራቸው ነው፣ አልፈርድባቸውም፤ እኔም እነሱን ብሆን እንደኔ ያለችውን አልሰማም። አባትሽ ደግሞ ስልኩን እንደ ልማዱ ቤት ሰክቶ ነው የወጣው። የት እንዳለ እንኳ አላውቅም። ዓይኔ ሲንከራተት ከማዶ አየሁት። ግርግሩን አይቶ ነገሩ ገብቶታል መሰለኝ፣ በገመዱ ሥር ጎንበስ ብሎ አለፈና ድልድዩ ላይ ወጣ። በአንድ እጁ መደገፊያውን ብረት ይዟል፤ ሌላውን ከፍ አድርጎ "ቆዩ፣ እኔ እከፍተዋለሁ" በሚል ዓይነት ያወዛውዛል።

"ቁም!" አሉት።

እሱ መምጣቱን አላቆመም። ጆሮውን ታውቂዋለሽ፤ ብረት ሲቆርጥ የኖረ ጆሮ ነው። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ደግሞ ብሶበታል።

"ቁም ተብለሃል! እተኩሳለሁ!"

ከኔ ፈንጠር ብሎ የነበረው ወጣት ፖሊስ በርከክ ብሎ ጠመንጃውን ደገነ። ጣቱን ምላጩ ላይ ሲያደርግ አያለሁ። እኔ "አይሰማም! ደንቆሮ ነው! አይሰማም!" እያልኩ ጮህኩ። ሁሉም ስለሚጮህ የማንም ቃል አይለይም። አባትሽ ደግሞ ይራመዳል።

ምን ትዝ አለኝ መሰለሽ? ጓሮ ሆኖ ለምሳ ስጠራው አልሰማ ሲለኝ የወጥ ቤቱን ቧንቧ በማንኪያ እመታለሁ፤ ቧንቧው እሱ እስከሚሠራበት ጓሮ ስለሚዘልቅ ንዝረቱ እጁ ላይ ይደርሰዋል። የድልድዩ መደገፊያ ከዳር እስከ ዳር አንድ ብረት ነው። በገመዱ ላይ ተንጠራርቼ በመቀሴ እጀታ ባለ በሌለ ኃይሌ መታሁት። ደገምኩት። አንድ ፖሊስ ወገቤን ይዞ ሲጎትተኝም አልተውኩም።

አባትሽ ኤሌክትሪክ እንደ ያዘው ሰው ቀጥ አለ። እጁን አየ። ከዚያ ቀና አለ፤ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ጠመንጃውን አየ። እኔ መቀሱን ጥዬ ሁለት እጄን ወደ ላይ አነሣሁ። እሱም እኔን እያየ አነሣ። ተንበረከክሁ፤ ተንበረከከ። ወጣቱ ፖሊስ አፈሙዙን ወደ መሬት ሲያደርግ ትንፋሹን ሰማሁት። ሮጠው ይዘውት ሄዱ።

ቧንቧውን ግን ለማንም ቃል ብለው አልከፈቱትም፤ ከግንብ ጀርባ አስተኝተውን አፈነዱት። መስኮት ሁሉ ተርገፈገፈ። ቀና ስል የደብተርሽ ቅዳጅ ወንዙ ላይ እንደ ላባ እየወረደ ነበር።

ጣቢያ ስደርስ መርማሪዋ፣ ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ፣ ጎልማሳ ሴት፣ የአባትሽ ጆሮ እንደማይሰማ ስነግራት አጠገቡ አስቀመጠችኝ። እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ በጆሮው እደግማለሁ።

"ምን ነበረበት?"

"ደብተርና ማኅተም።"

"ደብተር ለምን በቧንቧ ውስጥ ይደረጋል?"

"ቆርቆሮ ይዝጋላ!"

"ለምንስ ደበቁት?"

"የሚደበቅ ነገር ነዋ!" ብሎ ቁጭ። ከጠረጴዛው ሥር ጭኑን ቆነጠጥኩት።

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "አባት፣ ዛሬ ሊገደሉ ነበር። የኛ ወጣት ፖሊስም ነፍሰ ገዳይ ሊሆን ነበር። ይህን ሁሉ ያደረጉት ለማን ብለው ነው?"

ደገምኩለት። ሰምቶታል፤ አውቄያለሁ። እጆቹን ገለባብጦ አየ።

"የልጄ ነው" አለ። ድምፁ የራሱ አልመሰለኝም። "ሩቅ አገር ናት። ስትመለስ ሣጥኖቿን ውኃ ገብቶባቸው እንዳታገኛቸው ብዬ ነው።"

"መቼ ነው የምትመለሰው?"

እኔ ግድግዳውን፣ እሱ እጁን አየን። መርማሪዋም ጥያቄውን አልደገመችውም።

በማግሥቱ መምህርቷ መጥታ ስለ ጨዋታው አስረዳችና ፈቱት። ሣጥኖቹን ሁሉ ሰብስብ፤ ከእንግዲህ የምትደብቅ ከሆነ ውስጡን የሚያሳይ፣ ላዩ ላይ ምንነቱ የተጻፈበት ይሁን፤ ማዘጋጃ ቤቱም ይወቀው አሉት። ስንወጣ ያፈነዳው ባለሙያ ተከትሎን መጣና የተረፈውን ቁራጭ ሰጠው። "አባት፣ መሐሉ ተቀደደ እንጂ ክዳኑ እኮ አልተፈታም!" አለው። አባትሽ በዚያ ሁሉ መዓት መካከል ደረቱን ነፋ ሲያደርግ ብታዪው! በክርኔ ጎሸም አድርጌ አወጣሁት።

ሳቂ ብዬ አይደለም ይህን የምጽፍልሽ። በግርግሩ ቲማቲም ሻጯ ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰብሯል። ይቅርታ ልንል ቤቷ ሄድን። ፊቷን አዙራ ተቀመጠች። አባትሽ ቆሞ ቀረ፣ ተቀመጥ ያለው የለም። መጨረሻ ላይ ጄሶውን ብድግ አድርጋ "ይሄን ውኃ እንዳይነካው ብለውኛል። እኔ ደግሞ እጄን ካላጠብኩ መሥራት አልችልም። በል፣ ውኃ የማያስገባ ነገር ታውቅ የለ? ሥራልኛ!" አለችው። ክንዷን ለካ፣ እኔ ከሸራው ሰፋሁ፣ እሱ ጎማ ቀለበት ገጠመለት። ትናንት አድርጋው ገበያ ወጥታ አየኋት። እኔን ሰላም ትለኛለች፤ እሱን ገና ነው። እንዳትፈርጂባት፤ ሕመሙ የሷ ነው።

አባትሽ አሁን የሚሠራው ወፍራም፣ ውስጡን በሚያሳይ ማሰሮ መሳይ ፕላስቲክ ነው። ላዩ ላይ በትልልቁ "የጨዋታ ሣጥን ነው፤ አደጋ የለውም" ብሎ ይጽፍበታል። ያንን ጽሕፈቱን ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ እሱን ያየ ሰው የባሰ ነው የሚሮጠው።

ዛሬ ጠዋት ሱቄ በር ላይ መጥቶ ቆመ። እንደምጽፍልሽ አልነገርኩትም ነበር። ጣራ ጣራውን እያየ፦

"ስትጽፊላት፣ የድንጋይ መፍለጫው ጋ ያለችውን ሣጥን የት እንዳደረገቻት ጠይቂያት። እሷ ብቻ ናት የቀረችኝ። እንቆቅልሿ አልፈታ አለኝ" አለ።

"እሺ፣ እጠይቃታለሁ።"

"ለኔ መጻፍ ካልፈለገች ላንቺ ትጻፍልሽ።" ሄደ። ከደቂቃ በኋላ ተመለሰ። "የለም፣ ለኔ ትጻፍ። አንቺ አቅጣጫ ይጠፋብሻል።"

ልጄ፣ ያቺ ሣጥን እቤት ናት። ሰኞ ስጠርግ ከአልጋችን ሥር፣ ከመሣሪያ ሣጥኑ ጀርባ አገኘኋት፤ ዝገቷ ተፍቆ፣ ዘይት ተቀብታ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልላ። መልሼ እንደነበረች አስቀመጥኳት። እኔ አላየሁም፤ አንቺም አልሰማሽም። የት እንደደበቅሻት ብቻ ጻፊለት። አሳጥረሽ አትጻፊ፤ በየት በኩል እንደሚታጠፍ፣ የቱ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ እንደሚያርፍ ሳይቀር ጻፊለት። ዳገት ላይ አሁን አሁን ቆም እያለ "አገሩን እያየሁ ነው" ይለኛል።

በይ፣ ጣራሽ አያፍስስ፣ እንጀራሽ አይጉደል፣ የምትረግጪው መሬት አይክዳሽ። ክፉ ዓይን አይይሽ፤ ደግ ሰው አይለይሽ። በሄድሽበት ሁሉ ስምሽን በፍቅር የሚጠራ አትጪ።

የምትናፍቅሽ
እናትሽ