አውጫጭኝ የሆነው መጠይቅ

ሰኞ፣ ቢቸና

«ችግሩ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ አማካሪዬ በስልክ። «የችግሩ መግለጫ» በሚል ርዕስ ሥር አምስት ገጽ ጽፌአለሁ፤ ችግሩ ግን አልተገኘም። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ከብት የተሰረቀበት ገበሬ ለምን ፖሊስ ጣቢያ አያመለክትም የሚል ነው። ትእዛዛቸው፦ ምዕራፍ ሁለት ይጠር። ምዕራፍ ሦስት መጠይቅ ይኑረው። ምዕራፍ አራት በወር መጨረሻ ይድረስ፤ አለዚያ ምርቃቱ ለከርሞ። እሺ አልኩ። አልከፋኝም፣ ደስም አላለኝም። ገብቼ ዘጠነኛ ክፍልን ሥነ ዜጋ አስተማርኩ።

ረቡዕ፣ ሞጣ

በደብረ ወርቅ አድርጌ ገባሁ። አብሮ አደጌ ጌትነት ከቀበሌው ስምንት ገበሬ እንዲጠራልኝ ነግሬው ነበር። ሠላሳ መጡ። ሜዳው ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ ሽማግሌው አያ ሞላ ተነሥተው ጸሎት አደረሱ። የእንግዳ አክብሮት መሰለኝ። ወረቀት አደልኩ። «ስማችሁን አትጻፉ፤ ማን ምን እንዳለ አይታወቅም» አልኩ። ጥያቄው አንድ ነው፦ ስትሰረቁ ለፖሊስ ከማመልከት ምን ያግዳችኋል? መጻፍ የማይችሉት አብሯቸው ለመጣ ዲያቆን በጆሮው እየነገሩ አስጻፉ። ያኔ መንቃት ነበረብኝ።

ሐሙስ፣ ሞጣ

አልጋ በያዝኩበት ቤት ወረቀቶቹን ዘረጋሁ። ሁለቱ ጣቢያው ሩቅ ነው ይላሉ። አንዱ ስለ ማዳበሪያ ነው። አሥራ አንዱ ላይ የሰው ስም ብቻ። ከነዚያ ሰባቱ «ጌትነት» ይላሉ።

ለካ አውጫጭኝ ነው የጠራሁት። በቅርቡ የወይዘሮ አለምነሽ ጥማድ በሬ ተሰርቋል። እንዲህ ሲሆን መንደሩ ይሰበሰብና እያንዳንዱ የጠረጠረውን ለሽማግሌዎች በሹክሹክታ ይናገራል። የእኔን ወረቀት የተሻሻለ ሹክሹክታ አድርገው ወሰዱት። በሬው ሲነዳ አየሁ ብሎ የጻፈ ግን አንድም የለም።

አያ ሞላ ደወሉ። «ልጄ፣ ወረቀቱን መቼ ታስረክበናለህ? ሴትዮዋ ሳታርስ ክረምት ሊገባባት ነው።»

ቀትር ላይ ጌትነት መጣ። ሰው በምን ዓይን እንደሚያየው ገብቶት ነው የመጣው።

«ስንቱ ጻፈኝ?»

«ማን ምን እንዳለ አይታወቅም ብያለሁ እኮ።»

«ማን አላልኩህም። ስንት ነው ያልኩህ።»

ዓርብ፣ ሞጣ

ለአማካሪዬ ነገርኳቸው። «ግሩም ግኝት! ምዕራፍ አራት አለቀልህ። ወረቀቶቹን አባሪ አድርጋቸው» አሉ።

ያሉኝ መንገዶች፦ ለሽማግሌዎች መስጠት፤ ጌትነት በመንደሩ አለቀለት። አባሪ ማድረግ፤ በታተመ ወረቀት አለቀለት። ማቃጠል፤ ምርቃቴ አለቀለት። ሦስቱንም በሥርዓት ቁጥር ሰጠኋቸው። ምንም አልተሰማኝም። ሻዩ ግን ሳልነካው ቀዘቀዘ።

ቅዳሜ፣ ሞጣ

አያ ሞላ ደጅ፣ ሽማግሌዎቹና ወይዘሮ አለምነሽ ባሉበት፣ ወረቀቶቹን አቃጠልኳቸው። «ጥፋቱ የእኔ ነው። አውጫጭኙን እንደ ደንባችሁ እንደገና ጥሩ» አልኩ።

አያ ሞላ አመዱን በበትራቸው ነካ ነካ አደረጉት። «ጣቢያ የማንሄደው ለዚሁ ነው። ተናገሩ እንባላለን፤ የተናገርነው የት እንደሚገባ አናውቅም።»

ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ከአምስቱ ገጽ ይሻላል።

«የኔስ በሬ?» አሉ ወይዘሮ አለምነሽ።

እሑድ፣ ቢቸና

መረጃውን እንደማልጠቀምበት ለአማካሪዬ ጻፍኩላቸው። «ለከርሞ» ብለው መለሱ። አንድ ቃል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

ከሰዓት ጌትነት ደወለ። አውጫጭኙ ማክሰኞ እንደገና ተጠርቷል። እሱ ወደ የጥኖራ ከተማ እህቱ ጋ ሊሄድ ልብሱን አስሯል።

«ከሄድክ ሸሸ ነው የሚሉህ» አልኩት።

«ሰው ሰላም ይለኛል። ድሮም ይለኝ ነበር። አሁን ግን አስቦ ነው።» ቀጠለና፣ «አንተስ፣ መምህር፣ ወረቀቱ ቢደርስህ ማንን ትጽፍ ነበር?»

«ባዶውን እመልስ ነበር።»

«ባዶውን የመለሰ ነበር?»

ምዕራፍ ሦስት ላይ ምስጢር ስለመጠበቅ ሁለት አንቀጽ ጽፌአለሁ።

«ከግማሽ በላይ» አልኩት። ወረቀቱ አመድ ሆኗል፣ ማንም ሊያጣራው አይችልም። እውነት ግን ነበር።



«እንግዲያው ማክሰኞ እቀመጣለሁ» አለ።