ትልቁን አሥር አከበብኩ

ሐሙስ፣ መጋቢት 7/2009

አሁንም ሕልም የለም። ዘጠኝ ቀን ሆነኝ። ሁለት ረከዓ እሰግዳለሁ፣ «የሚሻለኝን አንተ ምረጥልኝ» ብዬ አላህን እለምናለሁ፣ እተኛለሁ፣ ይነጋል። ይህን የምርጫ ሶላት፣ ኢስቲኻራን፣ የሰገደ ሰው በሕልሙ ያያል ወይም ልቡ ወደ አንዱ ያዘነብላል ይላል አባዬ። የኔ ልብ መጀመሪያውኑ አዘንብሏል። ወዴት እንዳዘነበለ ለእሱ መናገር ነው ያቃተኝ።

እስቲ ልጻፈው፣ ምናልባት ይጠራልኝ።

ሆላንድ፦ ሙሉ ነጻ ትምህርት። ኳንቲቴቲቭ ፋይናንስ፣ ከላይ እስከ ታች ሂሳብ። የገበያን መዋዠቅ፣ የኪሳራን ዕድል በቀመር መለካት። የማውቀው ሰው የለም። ብርድ። አባዬ «ወለድ ልትማሪ ነው?» ብሎ ፊቱን ያጠቆረበት።

ማሌዥያ፦ እሱም ነጻ፣ የትምህርቱ ስምም ያው። አዛን የሚሰማበት አገር። የእስልምና ባንክ አሠራርም አለበት። አባዬ «እዚያ ብትሞቺ እንኳ የሚያጥብሽ አለ» ያለበት። ሂሳቡ ግን እኔው ኮሌጅ ውስጥ ለሁለተኛ ዓመት ልጆች የማስተምረው ነው።

ልቤ የቱ ጋ እንደሆነ ከጽሑፌ ያስታውቃል። ወላሂ አፍራለሁ። ለአላህ «ምረጥልኝ» እያልኩ መልሱን እኔ ልነግረው ነው የምፈልገው።

የሆላንድ መልስ መስጫ እሑድ ያበቃል። አራዳ ገበያ ባለው ሱቃችን ውስጥ፣ ከባንኮኒው ጀርባ በተሰቀለው ካላንደር ላይ አሥርን በቀይ አክብቤዋለሁ። ሦስት ቀን አለኝ።

ዓርብ፣ መጋቢት 8



ሰኞ የጠፋው የኢንተርኔት ቤቱ ኔትወርክ ዛሬ ተመለሰ። ገባሁ። የሆላንዱን ገጽ ከፈትኩ። የመቀበያው ጊዜ አልፏል ይላል። የተሳሳተ ገጽ የከፈትኩ መስሎኝ ዘግቼ ከፈትኩት። ያው ነው። ኢሜይሌ ውስጥ ሁለት ማስታወሻ ልከውልኛል፣ ሳይከፈቱ ተኝተዋል።

ማርች 10። ማርች 10 ማለት እኮ መጋቢት 1 ነው!

ካላንደሩ ላይ ትልቁ ቁጥር የኛ ቀን ነው፤ ጥጉ ላይ ያለችው ትንሿ የፈረንጅ። ደብዳቤው የደረሰኝ ቀን በደስታ ሮጬ ሱቅ ገባሁና ትልቁን አሥር አከበብኩ። ማርችን መጋቢት አድርጌ። የሂሳብ አስተማሪ! አንድ ተማሪዬ እንዲህ ቢሠራ ስንት እንደምሰጠው አውቃለሁ።

ለሆላንዶቹ ጻፍኩ። ይቅርታ፣ የዘመን አቆጣጠራችን ሌላ ነው፣ እባካችሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ለእማዬ ነገርኳት። አቀፈችኝና «ኸይር ነው ልጄ። ምረጥልኝ አላልሽም? መረጠልሽ» አለችኝ።

እውነት ይሄ ነው መልሱ? መልስ ከሆነ ለምን እንዲህ ያቃጥላል? ቀኑን ሙሉ ምግብ አልቀመስኩም። ለአባዬ ለመናገር አቅም የለኝም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 9

ምነው ዛሬ ሱቅ ባልሄድኩ።

አባዬ ለዙህር ሶላት ወጥቶ ብቻዬን ነበርኩ። አያ ሞላ መጡ። ከመካነ ብርሃን ገብስ አምጥተው የሚሸጡ፣ ሲመለሱ ከኛ አቡጀዲ የሚገዙ፣ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ የአባዬ ወዳጅ ናቸው። እኔ ደግሞ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሬ በየቅዳሜው «ገብስ ስንት ዋለ?» እያልኩ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ሆላንዶቹ የወደዱልኝ ማመልከቻ በሳቸው ገብስ ዋጋ ላይ የሠራሁት ነው።

ጣቃው ላይ ተቀመጡና አዩኝ።

«ምነው ልጄ? ፊትሽ ሸጋ አይደለም።»

«የሆላንዱ ቀን አልፎብኝ ነው፣ አያ ሞላ» አልኳቸው።

«እሱንማ ሰምቻለሁ። እስታሁን ታለቅሻለሽ? ያለፈው ቅዳሜ አባትሽ አልነገረኝ! ‹የፈረንጆቹ ቀን ትናንት አለፈ፣ አላህ ፈረደ› አለኝ። እኔማ ለምደሽዋል ብዬ።»

ያለፈው ቅዳሜ መጋቢት ሁለት ነው። እኔ ያወቅሁት ትናንት።

አያ ሞላ ምን እንዳበላሹ ግራ ገባቸው። ያቀረብኩላቸውን ሻይ ሳይጨርሱ ወጡ። የገብስ ዋጋም አልጠየቅኳቸውም፤ በስንት ዓመት ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

አባዬ ያውቅ ነበር። አባዬ ያውቅ ነበር። ሌላ ነገር መጻፍ አልቻልኩም።

እሑድ፣ መጋቢት 10

ቀዩ ክብ ውስጥ ገባን።

ከቁርስ በኋላ ፊት ለፊት ጠየቅኩት። አልካደም። የሚበላሽ ዕቃ ሲገዛ የሁለቱን አገር ቀን እያመሳከረ የኖረ ነጋዴ ነው፤ እንዴት ይሳሳታል? መጋቢት አንድ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ትንሿን አሥር አየ። የደብዳቤው ኮፒ መሳቢያው ውስጥ ነበር። አውጥቶ አመሳከረ። ገና ሙሉ ቀን ነበረኝ!

«አሥር ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት» አለኝ። «አላህ ባይፈልገው ኖሮ ለምን ያሳስታታል አልኩ። የኢስቲኻራሽ መልስ መሰለኝ።»

«ክቡን ያከበብኩት እኔ ነኝ። ዝም ያልከው አንተ ነህ። አላህን አታስገባው!» አልኩት።

አባቴን እንዲህ ተናግሬው አላውቅም። እማዬ «ሐያት!» ብላ ጮኸችብኝ። እሱ ግን ተነስቶ ጫማውን ፈለገ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የአባዬ ዝምታ ግን ነቅዟል፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ነቅዟል።

ጠላሁት። ከዚያ ደግሞ ጫማውን ሲያስር ክሩን ሁለት ጊዜ ሲስተው አየሁና አሳዘነኝ። ሁለቱም እውነት ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 11

መልስ መጣ። ቦታዬን ለተጠባባቂ ሰጥተውታል። ልጁ እስከ ማርች 24 ካልተቀበለ ለኔ ይመለሳል። ከተቀበለ በቃ።

የማሌዥያ መልስ መስጫ ደግሞ ማርች 22 ነው። በሁለት ቀን ይቀድማል፤ አንዴ እሺ ካልኩ ደግሞ መመለስ የለም። እርግጠኛውን እጄ ላይ ይዤ ልሂድ፣ ወይስ ለቅቄው የማላውቀው ልጅ ሐሳቡን እስኪለውጥ ልጠብቅ? ኪሳራን መለካት ልማር ብዬ ነበር፤ ሳልማረው ፈተናው መጣ። ተጠባባቂ የሆነ ሰው ለምን እምቢ ይላል? ዕድሉን ለመገመት ወረቀት አወጣሁ፣ የምጽፈው ቁጥር የለኝም።

ማታ አባዬ ከሱቅ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከትናንት ጀምሮ አልተነጋገርንም።

«የትኛውን ነው አንቺ የምትፈልጊ?» አለኝ።

ይሄን ሁሉ ወር አንድ ቀን አልጠየቀኝም። እኔም አንድ ቀን አልነገርኩትም።

«ሆላንድን» አልኩት።

«ወለዱስ?» አለ።

«የኔ ሥራ የአያ ሞላ ገብስ ዋጋው ሲወድቅ እሳቸው ምን እንደሚሆኑ ማወቅ ነው። መነሻዬ እሱ ነው።»

ተነስቶ ለኢሻ ሶላት ወጣ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 13

ለማሌዥያ «አመሰግናለሁ፣ አልመጣም» ብዬ ላክሁ።

አባዬ አብሮኝ መጣ። ሱቁን ዘግቶ። ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ አልገባም፣ በሩ ላይ ቆሞ መቁጠሪያውን ያዘ። ከመላኬ በፊት ወጥቼ «እርግጠኛውን እየለቀቅኩት ነው፣ አባዬ» አልኩት። «አውቃለሁ። እኔ ነኝ እዚህ ያደረስኩሽ። ላኪው» አለኝ።

ልጁ ቢቀበልስ? እዚያው ኮሌጅ፣ እዚያው ሁለተኛ ዓመት። እፈራለሁ። በጣም እፈራለሁ። ማምሻውን ግን ምረጥልኝ ብዬ አልሰገድኩም። የምፈልገውን በስሙ ጠርቼ ለመንኩ።

ቀን ከኢንተርኔት ቤቱ ስንመለስ ሱቅ ገብተን ነበር። ካላንደሩ ላይ አዲስ ክብ አለ። በአባዬ የሱቅ እስክሪብቶ፣ ዓርብ ላይ። ትልቁን አሥራ አምስት አልነካውም፤ ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሿን 24 ነው ያከበባት። ከሥሯ በእጁ «የሐያት» ብሎ ጽፏል።

ሁለት ቀን ይቀራል። እኔም ቆጠርኩ፣ እሱም ቆጠረ።